በፌስታል የማይላክ ስለት

ትኩሳቱ የያዘኝ ሰሞን ተነስቼ ውሃ መጠጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ከአንዲት የአገሬ ሴት ጋር የተከራየናት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ትፋጃለች። ሴትዮዋ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ሥራ ስትሄድ ብቻዬን ተኝቼ ስለት ልሳል አሰብኩ። ሰው ሲሳል ጧፍ ይላል፣ ጃንጥላ ይላል። እኔ ግን ተነስቼ ጧፍ የምገዛ እንኳ አልመሰለኝም። «ካዳንከኝ ራሴን እሰጥሃለሁ» አልኩት እግዚአብሔርን።

ዳንኩ።

ሥራዬ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ነው፤ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት እንከባከባለሁ። የቤቱ እመቤት እናት ናቸው። አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። ደግ ቤት ነው። ስታመም እመቤቲቱ ባጃጅ ልካ ሐኪም ቤት አድርሳኛለች፤ ቦታዬንም ለሌላ አልሰጠችብኝም። ወገቤ ግን ከበሽታው ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ማታ ስገባ ቆሜ ላመሰግን እልና ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስበረታ ስለቴን አስገባለሁ እያልኩ ወራት አለፉ።

እትዬ ዘመድ ልትጠይቅ አገር ቤት ልትሄድ ስትሰናዳ፣ የምናውቃቸው ክርስቲያኖች ስለታቸውን ይዘው መጡ። እዚህ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሁሉም ለቤተ ክርስቲያን እንዲያደርስለት አደራ ይሰጠዋል። አንዷ ጧፍ፣ ሌላዋ ዘቢብ አመጣች። እትዬ ሁሉንም በፌስታል በፌስታል እየቋጠረች ወደ እኔ ዞረች።

«ያንቺስ? ተስያለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«የኔ አይላክም።»

«ምነው፣ በሬ ነው እንዴ?»

«ራሴን ነው የተሳልኩት» አልኩ።

እትዬ ፌስታሉን ከፍታ ወደ ውስጥ እያየች፣ «ታዲያ በየት በኩል ልክተትሽ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። «በይ ስመለስ ቆብ ይዤልሽ እመጣለሁ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ እማሆይ ሆነ። እማሆይ፣ ሽንኩርት ክተፊ። እማሆይ፣ እስቲ ባጃጅ አስቁሚልን። አብሬ እስቅ ነበር፤ ልቤ ግን ፈራ። እውነትም ራሱን የተሳለ ሰው ገዳም መግባት አለበት ማለት ነው? እናቴን ማን ይረዳታል? ካልገባሁ ደግሞ እግዚአብሔርን መዋሸቴ ነው። አሮጊቷን ሳነሳ፣ የገዛ እጄ ለሌላ ሰው ሰጥቼ መልሼ የምጠቀምበት ዕቃ መስሎ ይታየኝ ጀመር። ማማተብ እንኳ አፈርኩ።

እትዬ በሄደች በሳምንቷ፣ ዓርብ የእረፍቴ ቀን ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። እሷ ነበረች።

«የሰው አደራ ሁሉ ደርሷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ስለቱን የተቀበሉት ቄስ እዚህ አጠገቤ ናቸው፤ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እትዬ፣ ተይ!» ብል አልሰማችም። የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ልትመነኩሺ ነው አሉኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አባ።»

«መመንኮስ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም» አልኩና ደነገጥኩ። «እናቴን የምረዳት እኔ ነኝ።»

«ማን ግድ አለሽ ታዲያ? ምንኩስና በትኩሳት አይገባም። ራሱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሁሉ አይመነኩስም። ከዳንሽ ወዲህ ምን አልሽው?»

«ምንም። ይደክመኛል። ስበረታ አመሰግነዋለሁ ብዬ ነው።»

«ራሴን ሰጠሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«የበረታውን ብቻ ነው እንዴ የሰጠሽው? ድካሙን ለማን አስቀረሽው?»

መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ መልሳ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። እጄ ላይ የነበረው የሳሙና አረፋ እስኪደርቅ ተቀምጬ ቀረሁ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ደስታ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ አልተሰማኝም። ወገቤም ያው ነው። አሮጊቷን አጥቤ፣ አንሶላቸውን ቀይሬ ስጨርስ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማታ እጸልያለሁ ብዬ አልፈው ነበር። እዚያው እንደ ቆምኩ፣ ላቤን ሳልጠርግ፣ በልቤ «ስላዳንከኝ አመሰግንሃለሁ። ደክሞኛል፤ ይኸው» አልኩት። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

አሮጊቷ በሌላ ጎናቸው እንዳዞራቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አዞርኳቸው።