ዋንዛው እስኪደርቅ

ልጄ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቷ አዲስ ጠረጴዛ አስገብታለች። ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ መሐል ለመሐሉ ኢፖክሲ የሚሉት ሰማያዊ ማጣበቂያ እንደ ወንዝ ፈሶ ጠንክሮበታል። በክረምት ሲገባ እንከን አልነበረውም። ጥቅምት ገብቶ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ግን እንጨቱ ከኢፖክሲው እየሸሸ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ወጣ።

«እማዬ፣ የሠሪዎቹን ጉድ ተመልከቺ!» ብላ ተንጨረጨረች።

«እርጥብ እንጨት ላይ ነዋ ያፈሰሱት። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይኼ ደግሞ አብሮት አይሰበሰብም።»

«አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ እየሳቀች። ከየት እንዳመጣሁት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ ሉማሜ ላለ የነጋዴ ልጅ ሰጥተውኝ ሠርጉ ለጥር ታስቧል። «ልጄን ያለ ሳጥን አልሸኝም» ብለው ከጓሯችን ዋንዛ አስቆርጠው፣ አሰንጥቀው፣ አድማሱ ለሚባል የአምበር አናጢ ሰጡት። አድማሱ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ጣውላው ክረምቱን ዳስ ሥር ከርሞ እርጥበት ስለ ጠጣ ሳይደርቅ አልነካውም አለ። አባቴ ሲያጣድፉት «አያ ዘለቀ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አላቸው። አባቴ ምሳሌ ወዳድ ነበሩና በምሳሌ ተረትተው ጊዜ ሰጡት።

በእኛ ዘንድ ዕቃ የሚያሠራ ሰው አናጢውን ምሳ ማብላት ወጉ ነው። በየገበያው ቀን ምሳውን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። መንገዱ በኑግ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ቢጫው አበባ ቀሚሴን እየነካ፣ ከተሸፈነው ሰፌድ የሽሮው ሽታ እያወደኝ እሄዳለሁ። ያን መንገድ የመሰለ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

ስደርስ ከጣውላው የቆረጣትን ቁራጭ ከጎረቤት ሱቅ በተዋሰው ሚዛን ይመዝናል። «በየሳምንቱ ትቀላለች» አለኝ። «መቅለሏን ስታቆም ደርቋል ማለት ነው።» እኔ የማየው ሚዛኑን ሳይሆን እጁን ነበር።

«እስከ ጥር ባይደርቅስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናላ። በሁዳዴ ሠርግ የለ።»

«የሉማሜዎቹ እስከዚያ ይጠብቃሉ?»

«አይጠብቁም ይባላል። ሌላ ልጅም አይተዋል አሉ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያች አስተያየት በኋላ የሠርጌን ቀን መፍራት ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ገበያ፣ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ቁራጯን ከእንስራው ውኃ ነክሬ መለስኳት። ገብቶ መዘናት፤ መልሶ መዘናት። «በኅዳር ዘነበ እንዴ?» አለ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ለአባቴ አልነገረብኝም። ቁራጯን ግን ወደ ውጭ ወረወራትና ከጣውላው ሌላ ቆረጠ።

የገና በዓል እንዳለፈ አባቴ አብረውኝ መጡ። አድማሱ መዘነ። እኔ ከአባቴ ኋላ ቆሜ፣ አልደረቀም በል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት፤ ጭንቅላቴንም ነቀነቅኩ። አየኝ። ልመናዬ በደንብ ገብቶታል።

«እህሳ፣ ደረቀ?» አሉ አባቴ።

ቁራጯን መልሶ መዘናት።

«ደርቋል፣ አያ ዘለቀ» አለ። ቀጥሎም ሊያየኝ አልደፈረም።

ከጥምቀት በኋላ ተዳርኩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበር፤ ከፍቶኝ አላደርኩም። አድማሱ አምበርን ለቆ ሄደ አሉ፤ ወዴት ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም። ለዓመታት ግን ተቀየምኩት። ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። አባቴም ቢሆኑ ያምኑት ነበር።

ሳጥኑ ይኸው ስንት ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት ፀጉር የምታስገባ ስንጥቅ አላወጣም። ልጄ አሁን ከጠረጴዛ ሠሪዎቹ ጋር በስልክ ትነታረካለች፤ እኔ ክፍተቱን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ቁጭ ብያለሁ። አድማሱ ናፍቆኛል። በዚህ ዕድሜ ማፈር የለብኝም መሰለኝ። ስለ እንጨት የሚዋሽ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አልወደውም ነበር፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም፣ ያን ቀን ምነው አንዴ ብቻ በዋሸልኝ እላለሁ።