ነጩ ሥር በየት በኩል ነው

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ በሬ አርዶ በመበለት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ጉራ መስሏችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ ጉራ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ለፋሲካ ቅርጫ ሲገቡ በሬውን ገዝተው የሚጠሩት እኔን ነበር። ሆዱን ስከፍት ፈርስ አላፈስም፣ ሐሞት አላፈርጥም፤ ሥጋው ቅጠል ላይ ሲደለደልም አንዱ መደብ ካንዱ አይበልጥም። ሌላ የምመካበት ነገር አልነበረኝም። መሬቴ ጭንጫ፣ ድምፄም ለማኅሌት የማይሆን ነበር።

በኋላ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ጣሊያኖቹ በከፈቱት ሐኪም ቤት ተቀጠረ። መጀመሪያ ወለል ይጠርግ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ቁስል አጣቢ፣ ፋሻ ጠቅላይ ሆነና ነጭ ልብስ ተሰጠው። ልብሱን በእንዶድ የምታጥብለት ሚስቴ ነበረች። የእኔ ጋቢ አመድ መስሎ መደብ ላይ ተጥሎ፣ የእሱ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ሲያበራ ሳይ ቆሽቴ ያር ነበር።

ሰው ፊት ባንዳ እለዋለሁ። ለአገሬ ተቆርቁሬ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቶቼ እንደዚያ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁልኝ ነበር እንጂ፣ የጣሊያኑ ሐኪም እኔን ጠርቶኝ ቢሆን ኖሮ ጫማ ሳላደርግ ነበር የምሮጠው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ቤታችን መጥቶ ምሳ በላን። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ስድስት ዓመት ከጠበቅን በኋላ የመጣልን የመጀመሪያ ልጅ ነው። እሱም ሐኪሙ ያሳየውን የሰው ሆድ ሥዕል ማውራት ጀመረ። ከልብ የሚወርድ ወፍራም የደም ሥር አለ አለ። በጀርባ አጥንት ላይ ተለጥፎ ሲወርድ መጀመሪያ ለጨጓራ፣ ለጉበትና ለጣፊያ ያካፍላል፤ ዝቅ ብሎ ለአንጀትና ለሁለቱ ኩላሊቶች ይሰጣል፤ እምብርት ዘንድ ሲደርስ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግር ይሄዳል። የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ካለ፣ ከእምብርቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ያንን ሥር በጡጫ ከጀርባ አጥንቷ ጋር አጣብቆ መያዝ ነው አለ። ሚስቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማዋለች። እኔ ሳወራ እንደዚያ ሰምታኝ አታውቅም።

«ይሄን ለማወቅ ፈረንጅ አስፈለገህ?» አልኩት። «ነጩ ሥር ወፍራም ነው፤ ሲቆረጥም አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ጎኑ ያለው ሰማያዊው ስስ ነው፤ ደም የሚቋጥረው እሱ ነው። ነጩ በደቡብ በኩል፣ ሰማያዊው በእብናት በኩል። አንተ ጡት ስትጠባ ነው ይሄን ያወቅሁት።»

ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። «የሰው ሆድ እብናት የለውም ጋሼ» አለኝ። ሚስቴም አብራው ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬ ስናርድ ራሱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገሳይ መንገድ እናዞረዋለን። አባቴም አያቴም እንደዚያ ነበር የሚያርዱት። በጀርባው አንጋለን ሆዱን ስንከፍትም ራሱ እዚያው ነው። ስለዚህ ነጩን ሥር ሁልጊዜ የማገኘው በደቡብ፣ ሰማያዊውን በሰሜን፣ በእብናት በኩል ነበር። ግራና ቀኝ ብዬ አስቤው አላውቅም፤ አስፈልጎኝም አያውቅ።

ሚስቴ ሐምሌ ላይ፣ ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እልልታው ሳያልቅ አዋላጇ ደጅ ብቅ ብላ «ደሙ አልቆም አለ» አለችኝ። እዚህ ላይ አልዋሽም። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነበር፤ ወንድሟን ጥሩ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ሥሩን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱ ምን ያደርግልኛል የሚል ነበር።

ወንድ የማይገባበት ቤት ገባሁ። ሴቶቹ ጮኹብኝ፤ አልሰማኋቸውም። ከእምብርቷ ከፍ ብዬ፣ በደቡብ በኩል፣ ጡጫዬን ተክዬ ተጫንኩ። የመደቡ ራስጌ ወደ ምዕራብ መሆኑን ልብ አላልኩም። ደሙ ይወርዳል። አጥብቄ ተጫንኩ፤ አሁንም ይወርዳል። ከንፈሯ ነጣ፤ ዓይኗም ተከደነ።

ጎረቤታችን ሳትጠይቀኝ ሐኪም ቤት ሮጣ ኖሮ፣ እሱ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ገባ። አልገፋኝም፣ ክፉ ቃልም አልተናገረኝ። «ወዲህ ነው ጋሼ» ብሎ የእጄን አንጓ ይዞ ጡጫዬን ሦስት ጣት ያህል ወደ ግራዋ አሻገረው። ወደ እብናት በኩል ማለት ነው። ከዚያ መዳፉን በእጄ ላይ ደርቦ አብሮኝ ተጫነ። ከጡጫዬ ሥር አንድ ነገር ሲመታ ተሰማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የነካሁት ሥር ሁሉ የሞተ ነበር። አዋላጇ «ቀነሰ» አለች። ብዙ ቆይታም «ቆመ» አለች።

ሚስቴ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። «ወንድሜ፣ አዳንከኝ» አለችው።

«ጋሼ ናቸው እንጂ እታለም» አላት። «እኔ ስደርስ ሥሩን ይዘውት ነበር።»

አመነችው። እስክትሞት ድረስ የባሏን እጅ ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖረች፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር። እውነቱን አንድ ቀን እንኳ ከአፌ አላወጣሁም። እሷ ድናልኝ፣ ልጄን ታቅፋልኝ፣ እኔ እሱ ላይ መቅናቴን አልተውኩም። አሁን የምቀናው በነጭ ልብሱ አይደለም። በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ አልልላትም ነበር።