ለቡድኑ የሚሠራው ሰውዬ

በምዕራብ ሲድኒ፣ በራግቢ ክለባችን የቁማር ክፍል ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው አንድ ሰው አለ። የክለቡን ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ፣ የታመመ ልጅ እንደሚያስታምም ሰው አንድ የቁማር ማሽን ላይ አጎንብሶ ይውላል። ሽንት ቤት የሚሄደው ማንም እንዳይቀመጥበት ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ትቶ ነው። ቢራው ሳይጠጣ ይሞቃል። የመስኮቱ መጋረጃ ሁሌም ዝግ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሜዳው አለ፤ ሜዳው ላይ ሴት ልጁ ትጫወታለች።

ባለፈው ቅዳሜ አስተናጋጇ ኖሪን ብርጭቆ እያነሳች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ውጣና ልጅህን እያት እንጂ!" አለችው።

"ማልያዋን ማን የገዛላት መሰለሽ? ይሄ ማሽን ነው። እኔ እዚህ ለቡድኑ እየሠራሁ ነው።"

"ወይ ሥራ! ለሚስትህም እንዲህ ነው የምትላት?"

ይህን አባባል ያስጠኑት የክለባችን ሹማምንት ናቸው። በየዓመቱ ስብሰባ፣ በማሽኖቹ ትርፍ ለልጆች ማልያ ገዛን እያሉ ያስጨበጭቡናል። ስለ ፍትሕ ሳነብና ሳስብ ነው ያረጀሁት፤ ለልጅቱ ማልያ አልብሶ አባቷን የሚወስድባት ክለብ ግን ከሌባ የሚለየው ምስጋና በመጠበቁ ብቻ ነው።

ድንገት ውጭ ጩኸቱ ቀለጠ። ድምፅ ማጉያው የልጁን ስም ጠራ፤ ነጥብ አስቆጥራለች። ሰውዬው ፊቱ በርቶ ብድግ አለ።

"የኔ ልጅ እኮ ናት!"

ኖሪን ደስ ብሏት መጋረጃውን ልትገልጥለት እጇን ዘረጋች።

"ተይው፣ ተይው!" አላት ተመልሶ እየተቀመጠ። "የውጭው ብርሃን ስክሪኑን እንዳላይ ያደርገኛል።"