ቅጹ ላይ ያልነበረ ጥያቄ

አሰላ ጤና ጣቢያ በረዳትነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለምችል፣ ኃላፊያችን የእናቶችን ጤና ለሚያጠናው ሥራ መረጡኝና ዴራ ይዘውኝ ወረዱ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ድሬሰር፣ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት የኖሩ የጤና ረዳት ናቸው። እሳቸው ደጅ ከባሎች ጋር ይቀመጣሉ፤ እኔ ገብቼ ሴቶቹን እየጠየቅሁ ቅጹን እሞላለሁ። ስንት ወለድሽ? ስንት ሞቱብሽ?

ከጠዋት ጀምሮ አቧራ የያዘ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። በመጀመሪያው ቤት አንዲት አሮጊት «ልጅ ይቆጠራል እንዴ?» ብለው በሩን ዘጉብን። ሁለተኛውም ቤት ሳንደርስ ተዘጋ።

ሦስተኛው የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ሚስቱ ምስር እየለቀመች ተቀበለችኝ። ፊቷ ገርጥቷል፤ እግሮቿ አብጠዋል።

«ዘጠኝ ወለድኩ። አራቱን ቀበርኩ» አለች ቀና ሳትል። «የመጨረሻውን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ቄስ ሁሉ ጠርተውልኝ ነበር።»

ወደ በሩ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ እንዳልወልድ የሚያደርግ መድኃኒት አላችሁ?»

ወጥቼ ኃላፊዬን በጆሯቸው ጠየቅኋቸው። «እሱ ቅጹ ላይ የለም» አሉኝ። «ባሏ ከሰማ ከዚህ መንደር ያስወጡናል። ጽፈሽ ነይ።»

ተመልሼ «ለጊዜው የለንም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ጠየቃችሁኝ?» አለች። አልተቆጣችም። ልነሳ ስል እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ገና ብዙ አልገፋም፤ ግን ነበር። ይህን ለኃላፊዬ አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው ዛሬም አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀሩትን ቤቶች ልንጨርስ ስንመለስ፣ በነጋዴው ደጅ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አራት ወንዶች ሴትዮዋን በጋቢ ጠቅልለው ያወጣሉ። ባሏ «ትናንት ደህና ነበረች!» እያለ ይጮኻል። መኪናው ላይ ከኋላ አብሬያት ወጣሁ።

«እንዲወርድልኝ እንዶድ ጠጣሁ» አለችኝ፣ መኪናው ወደ አሰላ ሲንቀሳቀስ።

ደሙ ጋቢውን አልፎ ወለሉ ላይ ይወርድ ጀመር። ነጠላዬን አጣጥፌ ያዝኩላት፤ ምንም አልረዳም። ኢተያ ሳንደርስ እጇ እጄን ለቀቀ። የመኪናውን ጣሪያ ደበደብኩ። ባሏ ከፊት ወርዶ ፊቴን አየና መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

ከቀብሩ በኋላ እርጉዝ እንደነበረች ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። «መድኃኒቱ ቢኖረን እከለክላት ነበር?» አሉኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል። ከዚያ ቅጿ ላይ «የለችም» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ሥራው ቀጠለ። የሟቿ ጎረቤት ገና ሳልቀመጥ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፦ «አብረሻት ነበርሽ አሉ። ምን ያህል ብትጠጣ ነው የሞተችው? እኔ ከዚያ ባሳንስስ?»

እርሳሱን አስቀመጥኩ። «እባክሽ አትጠጪ» አልኳት። «ነገ አሰላ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

አሰላ ምን እንደምሰጣት ግን አላውቅም ነበር። እሷም ሳታውቅብኝ አልቀረችም።