ያለ ማይክራፎን

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ነው። ኮሪደሩ ላይ አጋድመውት፣ ተረኛው ፖሊስ እንደ በርጩማ ተመቻችቶ ተቀምጦበታል። "ወንድሜ፣ ተነሥልኝ፣ ይሰበራል" አልኩት። "አንተ ስለ ራስህ አስብ" አለኝና ተነሥቶ በሩን ከፈተው፤ ከኋላዬ ዘግቶ ተመልሶ ሲቀመጥበት ሲጥጥ ሰማሁት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የቀኑ ሙቀት እንዳለ ወርዶ ሰው ላይ ይተኛል። ከበሩ ጀርባ የሽንት ባልዲ አለ፤ ብርሃን የሚገባው ከላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው። ካቦው፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ "አዲስ ሰው ባልዲው አጠገብ ነው" አለኝና ቦታዬን በጣቱ አሳየኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ ድምፅ ማጉያ ማከራየት ነው። የምኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ሰርግም ሙት ዓመትም ቢሆን ከጠሩኝ ዕቃዬን ጭኜ እስከ ፈረስ ቤት እሄዳለሁ። የከተማችን ምክር ቤት ሲሰበሰብም የሚጠራው እኔን ነበር። አንዱን ሞንታርቦ አዳራሹ ውስጥ፣ ሌላውን በረንዳው ላይ አቆማለሁ፤ ወንበር ያጣው ሕዝብ ደጅ ሆኖ ይሰማል። የታሰርኩ ዕለትም እንደ ልማዴ ተከልኩ። ስብሰባው ዝግ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። አፈ ጉባኤው ማይክራፎኑን ጠጋ አድርገው፣ "የወንዝ ዳሩን ግጦሽ ነገር ገበሬው ሳይሰማ ዛሬውኑ እንጨርሰው" አሉ። ገበሬው ሰማ። ገበያው በሙሉ ሰማ። መጀመሪያ ሳቅ መጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። አንድ ጥበቃ ሮጦ የውጭውን ገመድ ነቀለ። እኔን ጥግ ላይ አስቀምጠው "ንቅንቅ እንዳትል" አሉኝና፣ በሩንም መስኮቱንም ዘግተው ስብሰባቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ሕዝቡ መጀመሪያውን ብቻ ሲሰማ፣ እኔ መጨረሻውንም ሰማሁ። ፖሊስ የጠሩብኝ ሁሉንም ካበቁ በኋላ ነው።

መርማሪው ሰርጉን የሠራሁለት ልጅ ነው። እስኪደክመው ድረስ "ማን ላከህ?" ሲለኝ ቆየ። በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ ጠዋት ቆጠራ ላይ የጣቢያው ኃላፊ ይመጣል። ምን ሰማህ ይልሃል። ምንም አልሰማሁም በለውና ዕቃህን ጭነህ ውጣ።"

"እሺ" አልኩት። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። እሑድ ሰርግ ነበረኝ፤ የቤቴ እንጀራ ደግሞ ከእነዚያ ሞንታርቦዎች ነው የሚወጣው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። በትራቸውን ደጅ ስለወሰዱባቸው እጃቸው የሚይዘውን አጥቶ ጋቢያቸውን ይነካካል። ገመዱ ሲነቀል የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው "መጨረሻውን ንገሩንና እንሄዳለን" በማለታቸው ነው የታሰሩት።

"ባለ ድምፁ አንተ ነህ?"

"አዎ አባቴ።"

"መጀመሪያውን አሰማኸን። መጨረሻውን ዋጥኸው።"

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ።

"እኔ በራሴ አልመጣሁም፤ የአገሬ ሰው ነው ሰምተህ ና ብሎ የላከኝ። ከብቶቻችን የሚከርሙት በዚያ ግጦሽ ነው፣ ሌላ የለንም። ቢቀርብንም እኮ፣ ቀርቷል የሚለን ሰው ይኑር እንጅ! ምን ብየ ልመለስ?"

በሩ አጠገብ ፖሊሱ አለ፤ ክፍሉ ውስጥም ማን ለማን እንደሚያወራ አላውቅም። "አልሰማሁም አባቴ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ይሁን ልጀ" አሉ። ከቤታቸው ከመጣላቸው ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆሎውን አፌ ውስጥ አድርጌ ማኘክ አቃተኝ።

ጠዋት በሩ ተከፈተና ለቆጠራ ተሰለፍን። ኃላፊው የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፤ መርማሪው ከኋላው ሆኖ እኔን እኔን ያያል። ተቆጥረን ስናልቅ ኃላፊው ጠራኝ።

"አንተ፣ ትናንት ምን ሰማህ?"

መልሱ ከአፌ ሊወጣ ሲል ሽማግሌው ተንቀሳቀሱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ደረታቸው ላይ አዙረው አደገደጉ፣ ዳኛ ፊት ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው ግን ወደ ኃላፊው አልነበረም። ወደ እኔ ነበር። አልሰማሁም ብያቸው እንኳ አላመኑኝም፤ ወይም አምነውኝ ሳለ እየጠበቁ ነበር።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ሁሉንም ሰምቻለሁ" አልኩ። "ግጦሹ ለባለሀብት መጋዘን ተሰጥቷል። ክረምት ሳይገባ ይታጠራል። የወል መሬት ባለቤት የለውም ተብሎ ካሳም ምትክም የለም። ከአንዲት ሴት በቀር ሁሉም እጁን አውጥቷል።"

ሰው ፊት ያለ ማይክራፎን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ቀጭን ነበር።

መርማሪው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኃላፊው "ጨረስህ?" አለኝ። "ጨረስኩ" አልኩ። በሩ ተዘጋ።

ሽማግሌው "ሰማሁ" አሉ። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ፈቱ፣ ተቀመጡ፣ ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እውነቱን ስናገር ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያሰማኋቸው እኮ መርዶ ነው። ካቦው ግን የተኛሁበትን ምንጣፍ ከባልዲው አጠገብ አንሥቶ ከሽማግሌው ጎን አነጠፈልኝ።

እሳቸውን ቀድመው ለቀቋቸው። እኔ የወጣሁት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ግጦሹ ታጥሯል። መጋዘኑ እስካሁን አልተሠራም፤ ሣሩ አጥሩ ውስጥ በቅሎ ይደርቃል፣ ከብቶቹ አብዛኞቹ ተሸጠዋል። ሞንታርቦዎቼን "ኤግዚቢት ነው" ብለው አስቀሯቸው። አሁን በተከራየሁት ዕቃ ሰርግ እሠራለሁ፤ የምክር ቤት ሥራ አይጠሩኝም። ሌላ ሰውም አይጠሩም። ከአዳራሹ ውስጥ ወዳለ ጠባብ ክፍል ገብተው፣ ያለ ማይክራፎን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሰበሰቡት።

ባለፈው፣ የስብሰባቸው ቀን፣ በአዳራሹ በኩል ሳልፍ ሽማግሌውን አየኋቸው። ድሮ የውጭው ሞንታርቦ ይቆምበት በነበረው ቦታ፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል። በሩ ዝግ ነው፤ ከውስጥ ትንፋሽ አይሰማም።

"አባቴ፣ ከዚህ ምን ይሰማሉ?" አልኳቸው።

"ምንም" አሉኝ። "ሲወጡ ግን ያዩኛል።"

ሰርግ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ። ዕቃዬን መሬት አስቀምጬ ከጎናቸው ቆምኩ።