ከውጭ የተመታው መቀርቀሪያ

ባለፈው ክረምት የሆነ ነው። ዛሬም ሱቄ በር ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ከእንጨቱ ቀና ብዬ የማየው በዚያ ሰበብ ነው።

ሸዋ በር አካባቢ አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

አንድ ሰውዬ መጣ። ንጹሕ ለባሽ፣ ሰላምታው የሚጣፍጥ። "ሐኪም ጋራ ግርጌ ነው ቤቴ፤ መቀርቀሪያ ምታልኝ" አለኝ። ዕቃዬን ይዤ ተከተልኩት።

በሩ የመኝታ ክፍል በር ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ፍራሽ፣ የሴት ልብስና አንድ ጀሪካን ውሃ ይታየኛል።

"የውስጡን ንቀልና ከውጭ አድርገው" አለ።

"ሰው የሚተኛበት ከውጭ ይቀረቀራል እንዴ?"

"አቦ አታካብድ! ያንተ ሥራ መምታት ነው።"

ሚስቱ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች፤ ያበጠው ዓይኗ ግን አልተደበቀም። አንዲት የጎረቤት እናት በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው አዩን። "ሰብር አድርጊ፣ ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው" ብለዋት ተመለሱ። ሰብር! ዓይኗ እስኪጠፋ?

እምቢ ብዬ ልሄድ ነበር። ግን እኔ ብሄድ ሌላ አናጢ ይጠራል፣ ያ ደግሞ አጥብቆ ይመታዋል። ስለዚህ ከጣሳዬ አጫጭሩን ምስማር መረጥኩ። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት፣ ከውስጥ በትከሻው የገፋ ሰው ይነቅለዋል። ሰውዬው ስልክ ሲያነሳ ምስማሩን መዳፌ ላይ አድርጌ ለሷ አሳየኋት። አየችው። ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

ስጨርስ ሰውዬው መቀርቀሪያውን ወዲያ ወዲህ ሳበውና ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ነይ፣ ግቢና ግፊው። እንየው።"

ከገፋችው እዚያው ፊቱ ይነቀላል። የእኔስ ይሁን፣ እሷን ግን ይገድላታል።

ገባች። ቀረቀረባት። "በርቺ እንጂ! ምሳ አልበላሽም?" እያለ ይስቃል። በሩ ተንቋቋ። በኃይል እንደሚገፋ ሰው ስታቃስት ሰማኋት። መቀርቀሪያው ግን ንቅንቅ አላለም።

"አልቻልኩም" አለች ከውስጥ።

"ጎበዝ አናጢ ነህ" አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሱቄ መጣ። የተነቀለውን መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

"የት ናት?"

"ወላሂ አላውቅም።"

"አጭር ምስማር ምታ ያለህ ማነው?"

"እንጨትህ ነቅዟል።"

ዓይኑን ሳይነቅል አየኝና "እንተያያለን" ብሎ ወጣ።

ቀጥሎ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። የሰው ትዳር አፈረስክ አሉኝ። ስትጮህ ይሰሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ያኔ ጆሯቸውን ምን ደፈነው?

ሰውዬው አሁንም ከሱቄ ፊት ለፊት ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። አያናግረኝም። የሷን ወሬ ሊነግረኝ የሚመጣ ሰው ካለ ገና አፉን ሳይከፍት ዝም አሰኘዋለሁ። ደህና መሆኗን መስማት እንዴት እንደምፈልግ አላህ ያውቃል። ግን የእኔ ፊት ነገር መደበቅ አይችልም፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ፊቴን ነው።