ሁለት ሜትር

መሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ሚሊ» ነው የሚለው። ሚሊሜትር አያልፍማ! የጠረጴዛው እግር እንኳ ትንሽ ከተወዛወዘ ሥራ አይጀምርም። በፖሊስ የጦር መሣሪያ ምርመራ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ እሱ የፈረመበትን ወረቀት ዳኛ ተጠራጥሮት አያውቅም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ እንግዳ ነገር ለምርመራ መጣለት፤ የጠመንጃ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ። ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ተኮሰ። ክፍሉ በእሳት ቦግ አለ፤ ድምፁ ጥርሱን አንገጫገጨው። የጥይቱ ፍጥነት ሲለካ ግን ረጅሙ ጠመንጃ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ሆነ። ይኼስ አልገረመውም፤ የጠመንጃ ጥይት ባሩዱ ብዙ ስለሆነ ነድዶ እስኪያልቅ ረጅም አፈሙዝ ይፈልጋል፤ አፈሙዙ ካጠረ ያልነደደው ባሩድ ጥይቱን ተከትሎ ይወጣል። ያላሰበው የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ በተወጠረው ጨርቅ ላይ የባሩድ ፍርፋሪ ተበትኖ አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የመጋዘን ጥበቃ ሠራተኛ ሰው ገድሎ ነበር። አሠሪው ያስታጠቀው አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ ነው። «ከጥበቃ ቤቴ አልወጣሁም፤ ብረት ይዞ ሲመጣብኝ በመስኮቱ ተኮስኩ» አለ። ከመስኮቱ እስከ ሟቹ ሁለት ሜትር ነበር። ሸሚዙ ላይ ግን የባሩድ ፍርፋሪ ተገኘ፤ ጋሽ ሚሊም «ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት የተተኮሰ» ብሎ ፈረመ። እንግዲያው ጥበቃው ወጥቶ፣ ተጠግቶ፣ ሆን ብሎ ገድሏል ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

ታዲያ ያኔ ሙከራውን ያደረገው በተቆረጠው ጠመንጃ አልነበረም። እሱ ተበላሽቶ ስለነበር ከግምጃ ቤት ሌላ፣ ሙሉ አፈሙዝ ያለው አስወጣ፤ የዚያ ፍርፋሪ ደግሞ ከአንድ ሜትር አላለፈም። ያው ዓይነት ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ምን ለውጥ አለው ብሎ። አይ ጋሽ ሚሊ! ለጠረጴዛ እግር የሚጨነቅ ሰው፣ የሰው ዕድሜ ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ሙሉ የአፈሙዝ ብረት አለፈ።

ወደ ኤግዚቢት ክፍል ወረደ። የክፍሉ ኃላፊ የድሮ ጓደኛው ነው። «ልትሰናበት ሁለት ወር ቀርቶህ የሞተ መዝገብ ልትቀሰቅስ? አርፈህ የስንብት ኬክህን ጠብቅ እንጂ» አለው። ጋሽ ሚሊ አልሳቀም። የተቆረጠውን ጠመንጃ አስጠግኖ፣ ሁለት ሜትር ለክቶ፣ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም ጨርቅ ላይ ፍርፋሪው አለ። ሰውየው እውነቱን ነበር።

ስህተቱን ጽፎ ለአለቃው ሰጠ። ጥበቃው ግን እስር ቤት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የቀረችው ሚስቱ ናት።

ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና። በሩን ስትከፍት ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር።

«አወቁኝ፣ እህቴ?»

«እንዴት እረሳዎታለሁ። ይግቡ።»

ሁሉንም ነገራት። ይዞት የመጣውን የሙከራ ጨርቅ ተቀብላ ፍርፋሪውን በጣቷ ዳበሰችው። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰደብ በወደደ።

«አልወጣሁም ይለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ዓቃቤ ሕጉ ሲናገር አላመንኩም። እርስዎ ሸሚዙን ዘርግተው ሲያስረዱ ግን አመንኩ። ሁለት ዓመት ስንቅ አመላለስኩ፤ ከዚያ ቀረሁ። ሊሞት ሲል ሰው ላከብኝ፤ ‹ሌላው ቢቀር አንቺ እመኚኝ› ብሎ። አልሄድኩም።»

ጋሽ ሚሊ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። በሰው ቤት፣ በዚያ ዕድሜው፣ እንባውን መጥረጊያ እንኳ ሳይዝ።

«ይነሱ፤ እበሩ ጋ ይቁሙ» አለችው። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከጫማው ጫፍ ጀምራ ወለሉን ለካች። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሜትሩ አለቀ፤ ግማሽ ጨመረችና እዚያው ቆመች።

«ይኼን ያህል ነው?»

«ይኼን ያህል ነው።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «እስር ቤትም በእኛ በጠያቂዎቹና በእስረኞቹ አጥር መሀል ይኼንኑ ያህል ነበር» አለች። «እዚያ እርስዎ የቆሙበት ሆኖ ነው ‹አልወጣሁም› ብሎ ይምልልኝ የነበረው። ዓይኑ በደንብ ይታየኝ ነበር።»

ሜትሩን ሳታነሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።